ታናሹ ወንድም የሞተበት ጥቅል

አምቦ ውስጥ «ሞቱማ» ብሎ የጠየቀ ሰው «የትኛው ሞቱማ?» ይባል ነበር። «የፊልሙ ሞቱማ» ካለ ግን ሥራውን ትቶ ቤቱ ድረስ የሚያደርሰው አያጣም። ከተማይቱ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ተብላ በምትጻፍበት፣ በሰው አፍ ግን አምቦነቷን ባልለቀቀችበት በዚያ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ በኪራይ የሚመጣ ፊልም ሁሉ በሞቱማ አፍ ካላለፈ አይታይም። ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ይለፈልፋል፤ ሞቱማ ፊልሙ ከሚታይበት አቡጀዲ ጎን ቆሞ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ ይናገራል። ለመሆኑ እንግሊዝኛ ያውቅ ነበር ወይ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ «እጅ ወደ ላይ» እና «ገንዘቡን አምጣ» ከሚሉት ብዙም አያልፍም። ግን የሰው ፊት ያነባል፣ የቀረውን ከራሱ ይጨምራል፣ የጨመረውም ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ይሻላል።

ከዚያ በፊት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ገበሬው በኦሮምኛ አቤት ይላል፣ ዳኛው በአማርኛ ይፈርዳሉ፣ ሞቱማ መሐል ቆሞ የአንዱን ለአንዱ ያቀብላል። እንዲህ ሲኖር አንድ ነገር ለመደ፤ በአፉ የሚያልፈውን ወደ ሆዱ አለማስገባት። መሬቱን የተነጠቀ ሰው «አለቀልኝ» ሲል፣ «አለቀልኝ ይላል፣ ጌታዬ» ብሎ ያስተላልፍና ሄዶ ምሳውን ይበላል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሁሉን ወደ ሆዱ የሚያስገባ አስተርጓሚ ዓመት አይከርምም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከጠጅ ቤታቸው ጀርባ ያለውን የእህል መጋዘን ፊልም ቤት ባደረጉት ጊዜ ግን ፍርድ ቤቱን ጥሎ መጣላቸው። ለምን እንደተወው ሲጠይቁት፣ «ፊልም ላይ የሚፈረድበት ሰው እዚህ ጉደር ዘመድ የለውም» ይል ነበር።

ሚስት አላገባም። የነበረው ታናሽ ወንድሙ ባይሳ ነው። እናታቸው ስትሞት ባይሳ ገና በእግሩ መሄድ መጀመሩ ነበርና ሞቱማ አዝሎ ነው ያሳደገው። ልጁ ሲጎረምስ መኪና ወደደ፤ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ከነቀምቴ አሰብ መመላለስ ጀመረ። በመጣ ቁጥር ቴምር በከረጢት፣ ወሬ ደግሞ በኩንታል ያመጣል። የሞቱማ ጎጆ ሰው የሚኖርበት ቤት የሚመስለው ባይሳ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ኋላ ብዙ ያከራከረው ያ ፊልም መጀመሪያ አምቦ ሲታይ ባይሳም መጥቶ ነበር። ያኔም ቢሆን አሮጌ ፊልም ነው። ሁለት ወንድማማቾች የአንድ ጥንታዊ ንጉሥ ወርቅ የተቀበረበትን ስፍራ ፍለጋ በግመል በረሃ ያቋርጣሉ፤ ሽፍታ አለ፣ አሸዋ አለ፣ የደረቀ የውኃ ጉድጓድ አለ። እዚህ ላይ ግን የኪራይ ፊልም ጠባይ መነገር አለበት። ፊልም የሚያረጀው መንገድ ላይ ነው። አንዱ ከተማ ይበጠሳል፤ ባለማሽኑ የተጎዳውን ቆርጦ ይጥልና ቀሪውን በሙጫ ያያይዛል። ሌላው ከተማ መሳሳሙን ቄሱ አይወዱትም፣ ይቆረጣል። ሌላው ጋ ደግሞ ንጉሥ ሲገደል መታየቱ የሚያስፈራው ሹም አለ፣ እሱም ይቆረጣል። ማን ምን እንደቆረጠ ተቆጣጣሪ የለም። ስለዚህ አንድ ፊልም ተብሎ በየመንገዱ የሚዞረው እያንዳንዱ ቅጂ የጎደለው ሌላ ሌላ ነበር።

የአምቦው ቅጂ የታናሹ ወንድም ሞት የለበትም። ታናሹ በውኃ ጥም ደክሞ ጉድጓዱ አጠገብ ተጋድሟል፤ ወዲያው ማሽኑ ጠቅ ይልና ታላቁ ብቻውን በግመል ሲሄድ ይታያል። መጋዘኑ ሙሉ ሰው ጮኸ። «ታናሹስ? ታናሹ የት ገባ?»

ሞቱማ ዓይኑን ሳያሽ መለሰ። «ታናሹ ‹እኔ በቃኝ› ብሎ ወደ እናቱ ተመልሷል። ይሄኔ ቅቤ እየጠጣ ነው።» በኦሮምኛም ደገመላቸው። ሰው ሳቀ፣ እፎይ አለ፣ ታላቁን ወርቁ ድረስ በደስታ ሸኘው።

ማታ ቤት ሲገቡ ባይሳ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሞቷል እኮ!» አለው። «ድሬዳዋ አይቼዋለሁ። እጁ ላይ ነው የሚሞተው።»

«ጠርጥሬ ነበር። ታዲያ ምን ላድርግ? ከፍሎ የገባ ሰው እሑዱ ይበላሽበት?»

«አንተ እጅ ላይ ማንም አይሞትም ማለት ነው» አለና ባይሳ በዚያ ትልቅ ድምፁ ሳቀ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጉደር ግን በራሱ ጀኔሬተር ፊልም የሚያሳይ ነጋዴ ነበረ፤ እሱ ባመጣው ቅጂ ታናሹ ይሞታል፣ ወርቁ ግን አይገኝም። ቅዳሜ ገበያ ላይ የሁለቱ ከተማ ሰዎች ተያያዙ። የጉደሮቹ «ዱኤራ!» ይላሉ፣ ሞቷል ነው። የአምቦዎቹ «ጅራ!» ይላሉ፣ አለ እንጂ። አንዱ የጉደር ሰው የበርበሬ ስልቻ ላይ ቆሞ በእናቱ ስም ማለ። በአዲስ አበባ መንገድ ያሉት ጊንጪዎች ተጠየቁና፣ «እኛ ግመል ነው ያየነው፤ ወንድምም አላየን፣ ወርቅም አላየን» አሉ። ሞቱማ ይህን ሁሉ እየሰማ ይስቅ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ይስቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የባይሳ መኪና ከባቲ በታች ገደል ገባ። ያገኙት የአገሩ ሰዎች እዚያው ቀበሩት። ሾፌሩ የጊንጪ ሰው ስለነበር ወሬው ቀድሞ ጊንጪ፣ አክስታቸው ወሰንየለሽ ቤት ደረሰ። አክስቲቱም ልጃቸውን ነጋሳን «ሂድና ለሞቱማ አርዳው» ብለው ላኩት።

መርዶ እንደ ሌላ ወሬ እንደማይነገር ማንም ያውቃል። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ ማለዳ በሩ ይንኳኳል፣ ቁጭ በል ይባላል፣ ከዚያ ይነገራል። ለዚህ ነገር አምቦ ውስጥ ኦቦ ፉፋን የሚያህል አልነበረም። ስንቱን እናት፣ ስንቱን አባት ያረዱ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቃላቸው አጭር፤ ከተናገሩ በኋላ የሰውየውን ትከሻ ይዘው አይለቁም። በዚህ ሥራቸው የተከበሩ ነበሩ፤ እሳቸውም በልባቸው ይኮሩበት ነበር።

ነጋሳ ማታ ገብቶ ለኦቦ ፉፋ ነገራቸው። ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዘው የሞቱማን በር ቢያንኳኩ ሰው የለም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከጓሮ ብቅ ብለው፣ «ጥርሱን ሊያስነቅል ትናንት ጉደር ወርዷል፤ እዚያ ጎበዝ ድሬሰር አለ ብለውት» አሉ። ነጋሳም፣ «እንግዲያው እኔ ጉደር ወርጄ እዚያ ካሉት ዘመዶች ጋር አረዳዋለሁ» ብሎ ባገኘው መኪና ተሳፈረ። ሞቱማ ግን ጎሕ ሲቀድ በእግሩ፣ በአቋራጩ ወደ አምቦ መንገድ ጀምሮ ነበር። ነጋሳ ጉደር ሲደርስ «ተመልሷል» አሉት። «ተመስገን፣ ኦቦ ፉፋ እጅ ገብቷላ» አለና እህል የጫነ መኪና ላይ ወጥቶ፣ አምቦን እንኳ ሳይቆም አልፎ፣ ጊንጪ ለቅሶው ቤት ገባ። ኦቦ ፉፋ ደግሞ «ነጋሳ ጉደር አግኝቶታል» ብለው ተቀምጠዋል።

ሞቱማ አምቦ የገባው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ነው። ጉንጩ አብጧል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ አፉ ውስጥ ጥጥ ስላለ ሰላምታ ለሚሰጠው ሁሉ መልስ የለውም። ገብቶ ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርጎ ተኛ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ በበሩ ስንጥቅ አዩትና ደረታቸውን መቱ። «ተረድቷል። ጋቢው ውስጥ ያለቅሳል።»

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ኦቦ ፉፋ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጫኑ። «እግዜር ያጥናህ ልጄ። የባይሳን ነፍስ ይማርልህ።»

ሞቱማ ቀና አለ። የሰማውን ሰምቷል። አፉ ግን ዕድሜ ልኩን የሌላ ሰው ቃል ማቀበል የለመደ አፍ ነውና ከሱ ቀድሞ «አሜን» አለ።

በቃ፣ ይኸው ነው የሆነው። እዚያው ላይ «ምን አሉኝ?» ብሎ ቢጮህ ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ነገር ግን የኦቦ ፉፋን ፊት አየ። ቢጮህ እኚህ ሽማግሌ ሰውን ያለ መርዶ፣ በጥርስ ሕመም በተኛበት፣ በወንድሙ ሞት መቱት ሊባሉ ነው። ከዚያ ወዲያ የማን በር ያንኳኳሉ? ሞቱማ ይሉኝታ ያዘው። በኋላ ይነግራቸዋል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ። ግቢው በለቀስተኛ ሞላ፤ ሴቶቹ የባይሳን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ሞቱማ መሐላቸው ተቀምጦ የተነቀለውን ጥርስ ቦታ በምላሱ ይነካካል። እዚያ ቦታ ያመዋል፤ ሌላ ቦታ ምንም አያመውም።

ሰልስቱ አለፈ፣ አርባውም ወጣ። ሞቱማ ይበላል፣ ይተኛል፣ እሑድ እሑድ ከአቡጀዲው ጎን ይቆማል። ሰዎች «ወንድ ነው፣ ቻለው» አሉ። ጠላ ሻጭዋ ጎረቤቱ አመለሸጋ ግን አልዋጥልሽ አላትና፣ «ለእናቱ ልጅ እንባ የነፈገ!» እያለች በየቤቱ አወራች። ወሬው ጆሮው ገባ፤ እሱም አላናደደውም። ለኦቦ ፉፋ ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ስለ ዝናብ አውርቶ ተመለሰ። ማታ ብቻውን ሆኖ «ባይሳ ሞቷል» ብሎ ጮክ ብሎ ይሞክራል። «ባይሳ ሞቷል ይላል፣ ጌታዬ» ከሚለው የተለየ አልሆነለትም። አንዳንዴማ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ምጣዱን ገልብጦ የሽንብራ ቆሎ ሊያዘጋጅለት ይነሳል። ያልተነገረው ሰው ተስፋ አይቆርጥም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር።

ለጥምቀት ሰሞን ወይዘሮ ሮማነወርቅ የጉደሮቹ ነገር ቢያንገበግባቸው አዲስ አበባ ሰው ልከው የዚያኑ ፊልም ሌላ ቅጂ ተከራዩ። «ያልተቆረጠው» እየተባለ በከተማው ተለፈፈ። ሞቱማንም ለብቻው ጠሩት። «የወንድም ሞት ያለበት ነው አሉኝ። ከከበደህ ሌላ ሰው አቆማለሁ።»

«ምንም አይከብደኝም፣ እትዬ» አላቸው። ውሸት አልነበረም።

ቅዳሜ ከባለማሽኑ ከወልደሰንበት ጋር ባዶው መጋዘን ውስጥ ሆነው አዩት። ታናሹ ታላቁ ክንድ ላይ ሞተ። ታላቁ ዓይኑን ከደነለት፣ ድንጋይ ከመረበት። ወዲያው ማሽኑ ጠቅ አለና ሰውዬው ግመሉ ላይ ሆኖ ይሄዳል፤ ፊቱ ደረቅ፣ ልብሱ የታጠበ።

«ለቅሶው የታለ?» አለ ሞቱማ።

ወልደሰንበት ጥቅሉን በጣቱ ወደ ኋላ እየዳሰሰ መለሰው። «ሙጫ አለ እዚህ ጋ። የሆነ ነገር ተቆርጦበታል።»

«ምን?»

«እኔ ምን አውቄ! ርዝመቱ ሰልችቶት የቆረጠው ይሆናል አንዱ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ጢም አለ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፈነ፤ ከጉደር ሳይቀር ለክርክሩ መፍትሔ ፈልገው የመጡ ነበሩ። ኦቦ ፉፋ ከፊት፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሞቱማ ጀመረ። ሽፍታው ሲመጣ እንደ ሽፍታ ጮኸ፣ ግመሉ ሲያጉረመርም አጉረመረመ፣ ሰው ሳቀ። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርሱ የጉደሮቹ «እንግዲህ እዩ!» አሉ።

ታናሹ ሞተ። ሞቱማ በአማርኛ «ሞተ» አለ፣ በኦሮምኛ «ዱኤ» አለ። የአምቦ ሰው ምን ያህል ታናሹን ይወደው እንደነበር ያን ጊዜ ታየ፤ ቅቤ እየጠጣ ነው ተብለው የከረሙት ሁሉ የቀረባቸውን እንባ አሁን ባንድ ጊዜ አወጡት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። ከዚያ ማሽኑ ጠቅ አለ። ታላቁ በደረቅ ፊት ግመሉን ይነዳል።

ለቅሶው ወደ ንዴት ዞረ። «ምነው? አያለቅስም እንዴ?» አለ አንዱ። አመለሸጋ ተነሥታ ቆመች። «ምን ዓይነት ድንጋይ ነው ይሄ! ያባቱ ልጅ ሞቶ!» የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ሞቱማ ዞረ፤ የጎደለውን መሙላት ሥራው ነውና።

«በልቡ እያለቀሰ ነው» ማለት ነበረበት። አፉ ላይ ተዘጋጅታ ነበረች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መርዶ አልተነገረውም» አለ።

«ምን መርዶ? እጁ ላይ አይደል የሞተው!»

«እጁ ላይ ቢሞትስ?» አለ ሞቱማ። «ማን ነገረው? ማን በሩን አንኳኳ? ማን ቁጭ በል አለው? ሊነግሩት ማለዳ መጥተው ነበር፤ አጡት። ሌላው ደግሞ ሊነግረው እሱ ያለበት ወረደ፤ እሱ በአቋራጭ፣ ያኛው በመኪና፣ መንገድ ላይ ተላለፉ። ያም ነግሮታል አለ፣ ያም ነግሮታል አለ። ‹እግዜር ያጥናህ› ሲሉት ሰማ። ሽማግሌውን እንዳያሳፍር አሜን አለ። ከዚያ ወዲህ ይሄው ይሄዳል።»

አቡጀዲው ላይ ወርቁ ተገኘ። ሳጥኑ ተከፈተ፣ ሽፍቶቹ ተታኮሱ። ሞቱማ አንዱንም አልተረጎመም፣ ማንም ተርጉም አላለውም። በረሃ ላይ መኪና ከየት መጣ ብሎ የጠየቀም የለም። ጊንጪ የት፣ ጉደር የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ገብቶታል። ከፊት ወንበር ኦቦ ፉፋ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡና ማንንም ሳያዩ ወጡ። ሞቱማ ጀርባቸውን አየ። ሽማግሌውን አዋረድኩ አለ በሆዱ፤ ሲፈራው የኖረውን ነገር ራሱ በሕዝብ ፊት አደረገው። የዚያ እፍረት እንኳ ቶሎ አልተሰማውም።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ሞቱማ ከፈተ። ኦቦ ፉፋ ሽማግሌዎቹን አስከትለው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ሌሊቱን አንድ ሰው ጊንጪ ልከው ነጋሳን አስመጥተዋል፤ እሱም ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ደህና አደርክ ልጄ» አሉ። «ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ኦቦ ፉፋ ይቅርታ አልጠየቁም፣ ያለፈውንም አላነሡም። ከአጠገቡ ተቀምጠው ትከሻውን ያዙት።

«ወንድምህ ባይሳ ሞቷል።»

ሞቱማ አያቸው። «የትኛው ባይሳ?» አለ።

«ያንተ ባይሳ። ያዘልከው።»

«በምን ሞተ?»

«መኪናው ገደል ገባ።»

«የት?»

«ከባቲ በታች።»

«ማን ቀበረው?»

ሁሉንም ያውቀዋል፤ ኦቦ ፉፋም እንደሚያውቀው ያውቃሉ። ቢሆንም አንድ በአንድ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምንም ሳያስቀሩ ነገሩት። የሚጠይቀው ሲያልቅበት ሞቱማ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ በአማርኛም በኦሮምኛም አልነበረም። ሽማግሌው ትከሻውን አልለቀቁም። አመለሸጋ ድምፁን ሰምታ በባዶ እግሯ እየጮኸች መጣች፣ ከኋላዋ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጠጅ ቤታቸውን ዘጉ። ከተማው ለባይሳ እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጠ።